ሰባት ቁጥርን የሚጀምረው ሕዝቡ ነው

ስህተቱ የገባኝ ልጄ የቁርስ ሳህን እያጠበች ስትዘፍን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ኮንሰርቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ስምንት መቶው ትኬት ተሸጦ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ የባሌ ሸሚዝ ተተኩሶ የቁም ሣጥኑ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እጇን አረፋ ውስጥ እንደነከረች፣ «ሰባት ቁጥር ስትመጣ፣ ልቤ ቀድሞኝ ይሳፈራል» ብላ ጀመረች፤ ልክ እንደ ካሴቱ፣ ከፍ አድርጋ። ባሌ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እንደ ልማዱ ሊቀበላት ቀና አለና አፉን ከፈተ፤ ወዲያው የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። እኔ አፉን ሳይሆን አንገቱን ነበር የማየው። ድምፅ ሳያወጣ እንኳ እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስ አንገቱ ተንጠራርቶ፣ ሥሩ ተገትሮ ነበር። ዳቦ የምቆርጥበትን ቢላ አስቀመጥኩና «ጉድ ፈላ!» አልኩ።

ባሌ የሚዘፍንበት ባንድ «አምስቱ» ይባላል። አራት ናቸው። አምስተኛው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጥሩምባውን ሸጦ የቀለም መደብር ከፍቷል፤ ስሙ ግን ፖስተሩም ላይ፣ ድራሙም ላይ፣ ሰውም አፍ ላይ ስለቀረ አንድ ለመቀነስ የደፈረ የለም። ሠላሳ ዓመት አብረው ተጫውተዋል። ኪቦርድ የሚጫወተውን ኢንጂነር እንለዋለን፤ ሥራው ፍሪጅና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ድራም የሚመታውን በርሜል እንለዋለን፤ ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይጠይቅም። ጊታር የሚጫወተው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ተጣልተው አያውቁም፣ ግን በቀን ሦስት ቃል ከተለዋወጡ ብዙ ነው፤ ቤታችን መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ከወንድሙ ጎን ሶፋ ላይ ይቀመጥና «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ይሄዳል። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል።

«ሰባት ቁጥር» የመጨረሻው ዘፈናቸው ነው። አውቶቡስ ላይ ስለታየች ልጅ ነው የተዘፈነው፤ አውቶቡሱ ራሱ መስመሩ ከተቀየረ ዘመን አልፎታል፣ ዘፈኑ ግን አለ። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ልክ ሊጀምሩት ሲሉ መብራት ጠፋ። አዳራሹ ድቅድቅ አለ። እኔ ያን ጊዜ እጮኛው ነበርኩ፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ «አሁን በር ላይ ተጋፍተን ማለቃችን ነው» እያልኩ ነበር። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት ዘፈኑን ጀመረች፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። መብራት ሲመጣ ባንዱ ከመሃል ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሰባት ቁጥር»ን የሚጀምረው ሕዝቡ ነው። ባሌ ማይኩን ወደ አዳራሹ ያዞራል፣ መሣሪያ ሁሉ ጸጥ ይላል፣ እነሱ ይጀምራሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ሕዝቡ ይዘፍናል፣ ሁለተኛውን ባሌ ብቻውን። ሰው ትኬት የሚገዛው ለዚህች ነው።

እንግዲህ ከአራት ወር በፊት የጉሮሮ ሐኪሙ የባሌን የድምፅ አውታር በመሣሪያ አይቶ «ከፍ ያለውን ነገር ተው» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን አለበት፤ የዘፋኝ ከፍ ያለው ነገር ግን እንጀራው ነው። አራቱ ተማክረው ዘፈኖቹን ሁሉ ሁለት ቶን፣ ማለት ሁለት የድምፅ ደረጃ፣ አወረዷቸው፣ ለማንም እንዳይነገር ተማማሉ፣ እኔም ማልኩ። ሌሎቹን ዘፈኖች የሚጀምረው ባንዱ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ይከተላል። ልምምዱን ያደረጉት ግን በኢንጂነር ጋራዥ ውስጥ፣ በሞቱ ፍሪጆች መካከል፣ አራት ሆነው ነው። «ሰባት ቁጥር»ንም እዚያ የሚጀምረው ኪቦርዱ ነበር። አራት ወር ሙሉ ሕዝቡን ሆኖ የጀመረ አንድ ሰው አልነበረም። ዛሬ ማታ ስምንት መቶ ሰው በካሴቱ ከፍታ ሲጀምር ባሌ ምን ሊያደርግ ነው? ዝቅ ብሎ ቢገባ ሁለት ሬዲዮ ጎን ለጎን እንደመክፈት ነው። ከፍ ብሎ ቢገባ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ቢሰነጠቅ ደግሞ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሐኪም ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነግሮኛል፦ «አንድ ቀን ፊታቸው ድምፄ ከተሰነጠቀ በዚያው ማይኩን አስቀምጬ እሄዳለሁ። አዝነውልኝ እንዲያጨበጭቡ አልፈልግም።» ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሲጋራ ያቆመው ፓኮው ውስጥ አሥራ አንድ ፍሬ እያለ ነው። መዝፈን ቢያቆም ምን እንደሚመስልም አይቻለሁ፤ አምና አዳራሹ ሲታደስ ሦስት ወር ቤት ዋለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ድስቶቼን በቁመት ደረደራቸው፣ በሦስተኛው የመጋረጃውን ቀለበት ቆጥሮ አንድ እንደጎደለ ነገረኝ፣ ከዚያ በኋላ መስኮት ዳር ተቀምጦ የሰው መኪና ማየት ጀመረ። ያን ሰው ዳግመኛ ቤቴ ማስገባት አልፈልግም።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከትናንት ማታ ጀምሮ መድረክ እስኪወጣ አንድ ቃል እንዳይናገር ታዟልና የልጄን የሒሳብ ደብተር ይዞ ነው የሚውለው። በትዕግሥት ሰማኝ፣ እስክሪብቶውን አነሳ፣ «ሕዝቡ ይከተላል። አትጨነቂ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ «ሻይ ድገሚኝ» ብሎ ጨመረ።

«እማ፣ ባለፈው መድረኩ ይደረመሳል ብለሽ ነበር እኮ» አለችኝ ልጄ፣ እጇን እየጠረገች።

«ምስጥ አይቼ ነዋ!»

«ጉንዳን ነበር።»

አልክድም፣ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ባንዱ «ትንበያ» የሚል ስም ካወጣልኝ ቆይቷል፤ እንደ አየር ትንበያ ማለታቸው ነው። ምን ላድርግ? ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የምትገባውን ወረቀት አነባለሁ። ለራስ ምታት የተሠራች ትንሽ ክኒን ስንት ጣጣ እንደምታመጣ ያነበበ ሰው ተረጋግቶ አይኖርም። ዛሬ ግን ስጋቴን በማስረጃ ላረጋግጥ ቆረጥኩ። ልጄ ከአጎቷ ጊታር ስለምትማር ስልኳ ላይ የድምፅ ከፍታ የሚለካ ነገር አላት፤ ስትዘፍኚለት መርፌዋ ትንቀሳቀስና የት እንዳለሽ ትነግርሻለች። ልጄን ከነስልኳ ይዤ ፀጉር ቤት ሄድኩ። መሄዴ ለፀጉሬም ነው።

ማጠብና ማድረቅ ሁለት መቶ ሃምሳ ገብቷል፤ ባለፈው ወር ሁለት መቶ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሻምፑ ተወደደ አለችኝ። ሁልጊዜ ሻምፑ ነው የሚወደደው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሦስት ወንበር፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ከሁለቱ አንዱ የሚሠራ፤ መስተዋቱ ጥግ ላይ የድሮው የ«አምስቱ» ፖስተር ተለጥፏል፣ ባሌ እዚያ ላይ ፀጉሩ ከእኔ ይበልጣል። ራሴን ገንዳው ላይ አስተኝታ ስታሸኝ «እስቲ «ሰባት ቁጥር»ን ጀምሪልኝ» አልኳት።

«የዘፋኙን ሚስት ፀጉር እያጠብኩ ትኬት ያጣሁ እኔ ብቻ ነኝ። ዘፈኑን ደግሞ በነፃ ልዝፈንልሽ?»

«ለቁም ነገር ነው።»

ዘፈነች። መርፌዋ ሄዳ የካሴቱ ቦታ ላይ ቆመች፤ ልጄ ስልኩን ራሴ በላይ አዙራ አሳየችኝ። ካስኩ ሥር የተቀመጠችው ደንበኛ አልሰማችም፤ ያ ነገር ሲነሳ አውሮፕላን ነው የሚመስለው። ልጄ ተጠግታ በምልክትና በከንፈር ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ጋዜጣዋን አጠፈች፣ ራሷን እንኳ በማይሰማ ጆሮ ጀመረችው። መርፌዋ እዚያው ቦታ ቆመች። «እማ፣ የሴትዮዋ ጆሮ ተደፍኖ እኮ ነው» አለችኝ ልጄ። ሠላሳ ዓመት የሰሙትን ነገር ሰዎች የሚይዙት በጆሯቸው አይደለም ለካ፤ ከውስጣቸው ሌላ ቦታ አለ፣ እዚያ ተቀምጦ አይወርድም አይወጣም። ሁለት መቶ ሃምሳውን ከፍዬ፣ ፀጉሬ ገና እርጥብ እያለ፣ ጉንፋን ይይዘኛል እያልኩ ወደ አዳራሹ ሮጥን።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ኢንጂነር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ይፈታል፣ በርሜል ድራሙ ኋላ ሳምቡሳ የሚያህል ቁራሽ ዳቦ ጉንጩ ውስጥ አድርጎ ብሎን ያጠብቃል፣ የባሌ ወንድም ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ክር ይቀይራል። ባሌ ደብተሩን ታቅፎ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

«ትንበያችን መጣች!» አለ ኢንጂነር ከጠረጴዛው ሥር። «ዛሬ በረዶ ነው ነጎድጓድ?»

«ስማ ብቻ» አልኩት። ልጄ ፀጉር ቤት የቀዳችውን አሰማቻቸው፣ መርፌዋንም አሳየቻቸው። ኢንጂነር ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር እያጋጨ ወጣ። ኪቦርዱን በአንድ ጣት ነካ አድርጎ አመሳከረ። አላላገጠም።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። አንዷ ጆሮዋ ካስክ ውስጥ ነበር።»

«እህት ዓለም፣» አለ በርሜል ዳቦውን ውጦ፣ «ይኼን የዛሬ ወር ለምን አላሰብሽውም?»

«ጋራዥ የዋልኩት እኔ ነኝ? አራት ወር ሙሉ አራት ወንድ ሆናችሁ አንድ ሰው አላሰበም!»

የባሌ ወንድም ቀና ሳይል «የሚነሡበትን ድምፅ ቀድመን እንስጣቸው» አለ። ለእሱ ይህ ንግግር ነው። ሁላችንም ወደ ባሌ ዞርን። ባሌ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በትልልቁ ጻፈ፣ ከዚያ ቀድዶ ሳይሆን ከነደብተሩ አንስቶ አሳየን፦ «አይሆንም። ሃያ ስምንት ዓመት ማንም ድምፅ ሰጥቷቸው አያውቅም። ዛሬ ከሰጠናቸው ለምን ይላሉ።» ገጹን ገለጠና ጨመረ፦ «ከፍ ካደረጉት ከፍ አድርጌ እዘፍነዋለሁ።» ወንድሙ ተነሥቶ መጣ፣ ጽሑፉን ቆሞ አነበበ። ሁለቱ ተያዩ። ወንድምየው ወደ ወንበሩ ተመልሶ ያንኑ ክር ማጥበቅ ቀጠለ። ባሌ ደብተሩን ዘጋ። እሱ ደብተር ከዘጋ ስብሰባው አልቋል፤ ዝም ካለ ሰው ጋር ተከራክሮ የረታ ደግሞ የለም።

እኔ ግን አፌ አልተከለከለም። አሥር ሰዓት ላይ በር ሲከፈት ወደ ሰልፉ ወጣሁ። የ«አምስቱ» ወዳጆች ሰልፍ መቼም ሌላ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የታተመ ካኔቴራ ሆዳቸው ላይ ተወጥሮ «አምስቱ» የሚለው ጽሑፍ ጎኑ ድረስ የሄደባቸው ሰዎች አሉ። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ፣ ልጆቻቸው ይዘዋቸው የመጡ አሉ። ከፊት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የወዳጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ናቸው፣ የሦስቱን የፊት ረድፎች የስም ዝርዝር በእጃቸው ይዘው አባላቱን አንድ በአንድ ያስገባሉ። ዘግይቶ የመጣ አባል ይቆጡታል። ወደ ጥግ ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛሬ «ሰባት ቁጥር»ን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብትጀምሩት ምን ይመስልዎታል?»

«ዝቅ? ለምን?»

«እንዲያው ለለውጥ ያህል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሠላሳ ዓመት በሽቦ ላይ የሰው ድምፅ ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውሸት በእሳቸው ጆሮ አያልፍም። «ታሟል?» አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው። ምያለሁና ከአፌ ምንም አልወጣም፤ ዓይኔ ግን ሆዴን አሳበቀብኝ። ሴትየዋ ዝርዝሩን በአራት አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት።

«በስንት ነው የሚወርደው?»

ልጄ ከስልኳ አንዲት ድምፅ አሰማቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ አጉረመረሙት፣ ልክ ያዙት። «እኔ ያለኝ ሦስት ረድፍ ነው» አሉ። «ከኋላዬ ሃያ ሰባት ረድፍ አለ። ለእነሱስ ይነገር?»

«በፍጹም! ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው ሦስት ረድፍ የሚያህል ምስጢር ነው» አሉና ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። ሲሄዱ ከኋላቸው አየኋቸው፤ ለአንዷ ሴት በጆሮዋ ነገሯት፣ እሷ ደግሞ ለቀጣዩ፣ እንዲህ እየሆነ ወሬው በመስመር ሄደ። በዚያች ሰዓት በሠራሁት ነገር ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ደስ ሲለኝ ነው መጠንቀቅ ያለብኝ።

ኮንሰርቱ እንደ ዘይት ፈሰሰ። እኔና ልጄ ከመድረኩ ጎን መጋረጃው ሥር ቆመን ነው የምናየው። ባሌ ወጥቶ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ከትናንት ወዲህ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የወረዱት ዘፈኖች ወፍረው፣ ተረጋግተው ወጡ፤ ማንም ግንባሩን አልቋጠረም፣ ማንም ምን ሆነ አላለም። አዲስ ዘፈን አልዘፈኑም፣ የጠየቃቸውም የለም። በርሜል በላብ ታጥቦ ሸሚዙ ቀለሙን ቀይሯል። በየዘፈኑ መሃል ሰዎች በስሙ ሳይሆን ባወጡለት ስም እየጠሩ ያሾፉበታል፣ ባሌም ያሾፋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት አጥር ላይ ሆኖ እንደሚያወራ ነው። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መሣሪያው ሁሉ ጸጥ አለ። ባሌ ማይኩን ወደ አዳራሹ አዞረ።

የፈሩት ይደርሳል። ሦስቱ ረድፎች በታዘዙት መሠረት ዝቅ ብለው ጀመሩ፤ ሃያ ሰባቱ ረድፎች ከኋላ በካሴቱ ከፍ ብለው ጀመሩ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስምንት መቶ ሰው ሁለት አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ የተጋጨ ነው የሚመስለው። የፊቶቹ የኋላዎቹን ለመሸፈን ጮኹ፣ የኋላዎቹ የፊቶቹን ለማረም ይበልጥ ጮኹ። ሊቀመንበሯ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው በሁለት እጃቸው «ውረዱ! ውረዱ!» ይላሉ፤ ሕዝቡ ቁጭ በሉ ያሉት መስሎት ግማሹ ተቀመጠ። በርሜል ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። ዘፈኑ በገዛ ራሱ ተሰብሮ ቆመ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ባሌ የፊቶቹን ሦስት ረድፎች አየ። ሊቀመንበሯን አየ። ከዚያ አንገቱን ቀስ ብሎ አዙሮ ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኔ አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋናዬ ብዙ ነበር። ልጄ እጄን ያዘችኝ። ድሮውንም ስፈራው የነበረው ነገር ቢደርስ ኖሮ ጥፋቱ የጉሮሮው ይባል ነበር፤ ይህን ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ማይኩን ወደ አፉ መለሰ። «የፊቶቹ ልክ ናቸው» አለ። «ባለቤቴ ነግራቸው ይሆናል፤ እሷ ሳይዘንብ ነው ጃንጥላ የምትዘረጋው። እውነቱ ግን እኔ ከእንግዲህ እዚያ ላይ አልደርስም። አራት ወር ደበቅኳችሁ። ወደ እኔ ዝቅ ብትሉልኝ አብረን እንሄዳለን። ካልፈለጋችሁም በካሴት ስሙኝ፣ እዚያ ላይ ወጣት ነኝ።»

እስከምናለቅስ ስንት ሰከንድ እንደቀረን እየቆጠርኩ ነበር። ከወደ ኋላ፣ ከመውጫው በላይ ካለው ረድፍ፣ አንድ ጎርናና ወንድ «እግዜር ይስጥህ!» ብሎ ጮኸ። «እኛም እኮ አንደርስም ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እኔ አሥር ዓመት ሙሉ አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው!» አለ ሌላው። «ሚስቴ አጠገቤ ሆና ከዘፈንክ እወጣለሁ እያለችኝ!» አለ ሦስተኛው፣ ሚስቱም ስትመታው ሰማን። ሊቀመንበሯ እንኳ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። ለካ ባሌ ብቻውን አላረጀም። እሱ ለእነሱ ሲል አንገቱን ሲዘረጋ፣ እነሱ ለእሱ ሲሉ ሲንጠራሩ፣ ሁለቱም ሌላኛው እንዳይታዘበው ሲፈራ ኖሯል።

ከዚያ እንደገና ጀመሩ፣ አሁንም ከፍ አለባቸው። ሳቁ። ሦስተኛ ሲጀምሩ ደግሞ ከመጠን በላይ ወረዱና ከርሠ ምድር የገባ ነገር ሆነ። ያን ጊዜ የባሌ ወንድም ማንንም ሳያስፈቅድ አንዲት ክር መታ። አንዲት ብቻ። ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ሄዶ የሁሉንም ሰው ቦታ አሳየ። ባሌ ዞሮ አየው፤ ወንድምየው ግን ጣቱን ክሩ ላይ አድርጎ ወደ ጫማው ይመለከታል። ሕዝቡ ያችን ድምፅ ይዞ ገባ። ዘፈኑን ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ስተኛም ስነሣም ሰምቼዋለሁ፣ እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የሴቶችና የልጆች ድምፅ ነበር ጎልቶ የሚሰማው፤ ዛሬ ከሥሩ ወንዶቹ ተነሡ፣ ወለሉ በጫማዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «የአባዬ ተራ ደረሰ» አለችኝ ልጄ።

ሁለተኛውን ክፍል ባሌ ብቻውን ያዘ። በደንብ ሄደ፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር። አራተኛው ላይ፣ «ወራጅ አለ» የሚለው ቃል ላይ፣ ተሰነጠቀ። ትንሽ ናት፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፤ እሱ ሰማት፣ እኔም ሰማኋት፣ ስምንት መቶውም ሰው ሰማ። ያን ሁሉ ዝቅ ካለም በኋላ ድምፁ ተሰነጠቀ። ማንም አላጨበጨበም። ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። ቃሉን እስኪያነሣ ጠበቁት፣ አነሣው፣ ቀጠለ፣ እነሱም ተከተሉት። ሲያበቃ ማይኩን መቆሚያው ላይ አስቀመጠው፤ ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው። ማይኩን አስቀምጬ እሄዳለሁ ያለው ሰው ማይኩን አስቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በግማሽ ልብ ነው ያየሁት። ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው አቀፉት። ሊቀመንበሯ ወደ እኔ መጥተው «ይቅርታ የኔ እህት፣ ሦስት ረድፍ አልበቃም» አሉኝ። በርሜል ጀርባዬን ደበደበኝና «ትንበያ፣ ዛሬ ልክ ነበርሽ፤ ብቻ ማዕበሉን ራስሽ ነሽ ያመጣሽው» ብሎ ሳቀ። ኢንጂነር ገመዱን ጠቀለለ። ባሌ ከማንም ጋር አላወራም፤ በፈገግታና በራስ ንቅናቄ ነው የሚመልሰው። ሐኪሙ «ከመድረክ ስትወርድም ዝም በል» ብሎታል፣ ስለዚህ ዝምታው የሐኪሙ ይሁን የእሱ የሚለይበት መንገድ አልነበረኝም። ኮቱን ለበሰ። ደብተሩን ጠየቅኩት፣ መኪና ውስጥ ነው በሚል በእጁ አመለከተኝ። ልጄ «እማ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ድስቶቼን በቁመት ተደርድረው አያቸዋለሁ።

ስንወጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ደረጃው ላይ ገና ሃምሳ የሚያህል ሰው ቆሞ ያወራል፣ አንዳንዱም ዝቅ ያለውን አጀማመር ይለማመዳል። የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ በሩን በትከሻው ደግፎታል፤ ቀጭን፣ ነጭናጫ ሰው ነው። «እናንተ ሰዎች ቤት የላችሁም?» ይላል። «ነገ ደግሞ የፓርቲ ስብሰባ አለብኝ፣ ወንበር ልቆጥር ነው።» የባሌ ወንድም ጊታሩን አንግቶ ወጣ፣ ባሌ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፣ እንደ ልማዱ ምንም ሳይል ሊያልፍ መስሎኝ ነበር። ባሌ እጁን ትከሻው ላይ ጫነ። ከዚያ ባሌ ወደ ዘበኛው ዞረና ሐኪሙንም ደብተሩንም ረስቶ፣ በጎረነነ ድምፅ፣ በአፉ ተናገረ።

«ማክሰኞ አዳራሹ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?»

«ሦስት።»

«ሁለት ተኩል አድርግልኝ ወንድሜ» አለው። «ጋራዡ ከእንግዲህ አይሆነንም፣ እነዚህም መጥተው አብረውን ይለማመዱ። «ወራጅ አለ» የምትለዋን ደግሞ ግማሽ ቶን እናወርዳታለን፣ ተንኮለኛ ቦታ ናት።»

ሊቀመንበሯ ደረጃው ላይ ሆነው ዝርዝራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። እኔ ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ቢዘንብስ፣ ደረጃው ያንሸራትታል፣ አሮጊቶች አሉ፣ አልኩ በሆዴ። ዘበኛው «ሁለት ተኩል! ደሞዝ ትጨምሩልኛላችሁ?» ብሎ እያጉረመረመ መብራቱን አጠፋ፣ ሁለቱን የብረት በር ተካፋች ስቦ ገጠማቸው፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው።